ድምፅ የሌለው ሞተር

ጥቅምት 3

እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እማዬና እኔ ደህና ነን፤ እንዲያውም እሷ ከእኔ ትሻላለች።

«ሁለት ወር ሙሉ ምን ዋጠህ?» ላልሽው፣ የዋጠኝ ሥራ ነው። ሥራ ስልሽ ደሞዝ ያለው እንዳይመስልሽ። አሥራ ስድስት ዓመት የተቃጠለ ሞተር ሽቦ ስጠመጥም ከኖርኩ በኋላ «ኩሽኔታ ሲጮኽ የማይሰማ ጠምጣሚ ምን ያደርግልናል» ብለው እንደሸኙኝ ታውቂያለሽ። እውነታቸውን ነው፤ ሞተር የሚመረመረው በጆሮ ነው። የእኔ ግራው ጨርሶ ተዘግቷል፣ ቀኙም እማዬ ካልጮኸችበት እንግዳ አይቀበልም። ስልክማ ተይው፤ አንቺንም በወረቀት የማደክምሽ ለዚሁ ነው።

አሁን ግን ስሚኝ። ዞረ!

አንድ ጎድጓዳ የመስታወት ሳህን አለ። መሐሉ ላይ ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የነቀልኩት ማግኔት ተቀምጧል፤ በማግኔቱ ዙሪያ ባዜቃ፣ ያ እንደ ውሃ የሚፈሰው ብረት፣ ፈሷል። ከላይ የመዳብ ሽቦ እንደ ልቡ እንዲወዛወዝ አንጠለጠልኩና ጫፉን ባዜቃው ላይ አስነካሁት። የመኪና ባትሪውን ሳገናኘው ሽቦው ማግኔቱን እየከበበ መሄድ ጀመረ። ካርቦን የለው፣ ጥርስ የለው፣ ኩሽኔታ የለው። ድምፅ የለውም እትዬ! ሌላውን ሞተር ሁሉ ሰው ከእኔ ቀድሞ ያውቀዋል፤ ይህን ግን ሁላችንም እኩል ነው የምናየው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ ብልሽ ትስቂብኛለሽ፤ ሳቂ።

የሙያ ትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር መጥቶ አየው። ታኅሣሥ 10 በማሳያ ቀናቸው ካቀረብኩት የማስተማሪያ ሞዴል ሠሪ አድርጎ ሊቀጥረኝ ቃል ገብቷል።

ባዜቃውን ከየት አመጣህ እንዳትይኝ፤ ካንቺው ነው። ወደዚያ ስትሄጂ እማዬ አልጋ ሥር በተውሽው ሣጥን ውስጥ አራት አሮጌ የደም ግፊት መለኪያ አገኘሁ። አፍስሼ ብልቃጥ ውስጥ ከተትኩት። የምሠራውም እማዬ ክፍል ነው፤ ማሞቂያ ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ። እሷ መስፊያ መኪናዋ ላይ፣ እኔ ሳህኔ ላይ፣ እየተበሻሸቅን እንውላለን።

እንደ ልማዷ ከሥር የራሷን መስመር ትጨምርልሻለች።

ወንድምሽ

*ልጄ፣ ወንድምሽ ስቋል። ሌላው ሁሉ እንደነበረ ነው። ሹራብ ልበሺ። እናትሽ።*

ጥቅምት 12

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን የምሠራበት ሆስፒታል መሣሪያ ጥገና ክፍል ውስጥ ቆሜ ጀመርኩት፤ «ካንቺው ነው» የምትለው ላይ ስደርስ ተቀመጥኩ።

እንኳን ደስ ያለህ ማለት ነበረብኝ። እላለሁ፣ ግን በኋላ። መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። ወደዚህ ከመዛወሬ በፊት ሆስፒታሉ ባዜቃ ያለባቸውን መለኪያዎች ሁሉ ሰብስቦ ሲያስወግድ አራቱን ለመለዋወጫ ይሆኑኛል ብዬ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። በእናቴ አልጋ ሥር አስቀምጬ ረሳኋቸው። ሰው እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ይረሳል? እኔ ግን ረሳሁት።

አሁን ስማኝ፣ ቀልድ የለም። ባዜቃ አይሸትም፣ ሲተንም አይታይም። ክፍሉ በሞቀ ቁጥር ይተንና ትተነፍሰዋለህ፤ በሳንባ ገብቶ አንጎልና ኩላሊት ላይ ይቀመጣል። ሽቦው ጫፍ ላይ ብልጭ ሲል ካየህ ያኔ የባሰ እየተነነ ነው። አንተ ደግሞ ማሞቂያ ያለበትን ክፍል መርጠህ፣ እናታችንን አጠገብህ አስቀምጠህ! «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» የተባለችው ሴትዮ ካንተ ትሻላለች፤ እሷ ያጠፋችው መጽሐፍ ብቻ ነው።

ዛሬውኑ ከእማዬ ክፍል አውጣው። በእጅ አትንኩት። ክዳኑን አጥብቀህ ከሰው ርቆ ይቀመጥ፤ የሚረከብህን መሥሪያ ቤት እዚህ ሆኜ እፈልግልሃለሁ። ድንገት ከፈሰሰ አትጥረጉት፤ መጥረጊያ ይበታትነዋል። ማሞቂያውን አጥፉ፣ መስኮቱን ክፈቱ፣ በሩን ዘግታችሁ ውጡ። ውጡ ነው የምልህ።

የምትፈልገው መዞሩን ከሆነ፣ ተራ የባትሪ ድንጋይ ሥር ማግኔት ለጥፍ። የመዳብ ሽቦ በልብ ቅርጽ አጥፈህ አናቱ ላይ አስቀምጠው፤ ጫፎቹ ማግኔቱን ይንኩ። እሱም ይዞራል፣ እሱም ድምፅ የለውም። ስለሚግል ብቻ ወዲያው ወዲያው አንሳው።

ክፍሉ ውስጥ የፈሰሰ ነገር አለ ወይስ የለም? ለዚህ ብቻ ቀጥ ያለ መልስ ስጠኝ።

እትዬ

ጥቅምት 26

እትዬ፣

እንደ ፈተና በየተራ ልመልስልሽ። አዎ፣ ሳህኑን በረንዳ ላይ አውጥቻለሁ። አዎ፣ ጓንት ገዝቻለሁ። አዎ፣ ብልቃጡ ተከድኗል፣ አሁን ያለው መሣሪያ ማስቀመጫው ቤት ነው። ስለዚህ አትጨነቂ። አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ሻማ ስናበራ ባልዲ ውሃ የምታቀርቢ ሰው ነሽ።

ደረቁን ሞተርሽን ሠራሁት። ዞረ፣ ጋለ፣ ጣቴን ለበለበኝ። ደስ ይላል፣ ግን መጫወቻ ነው። ዳይሬክተሩ አይቶ የተደነቀው በባዜቃው ነው፤ አሁን ድንጋይና ሽቦ ይዤ ብሄድ «ያኛውስ?» ይለኛል። እስከ ታኅሣሥ 10 ብቻ ታገሺኝ፤ ከዚያ ወዲያ በእጄ አስረክብልሻለሁ።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርሽ። የእማዬ የጋብቻ ቀለበት ነጣ። ወርቁ ብር መሰለልሽ! «ሳህንህን ሳጥብልህ ነው» አለችኝ። እኔማ ደንግጬ ይዤው ሮጥኩ። ጎረቤታችን ወርቅ ሠሪው ግን ስቆ፣ «ምድጃ ላይ ጣል አድርጉት፣ ነጩ ይለቅና መልኩ ይመለሳል» አለን። እሑድ ልትሞክረው ነው።

ወንድምሽ

*ደህና ነን። በእሱ አትፍረጂ፤ ሥራው ላይ ነው። እናትሽ።*

ኅዳር 2

ወንድሜ፣

ወርቅ ሠሪው ሱቅ ደውዬ ምን እንዳልኩት ነግሮሃል ብዬ አምናለሁ። ሰውዬው በደግነት ነው የመከራችሁ፤ እኔ ግን እየጮኽኩበት ነበር። ቀለበቱ ምድጃ ላይ ሳይወጣ ደረስኩ። ነጩ «ይለቃል» ማለት እኮ ተኖ ወጥ ቤቱን ይሞላል፣ እማዬም ትተነፍሰዋለች ማለት ነው! ቀለበቱን ጠርሙስ ውስጥ ከታችሁ ክደኑት። ወርቅ ይተካል።

ብልቃጡን የሚረከበውን መሥሪያ ቤት አግኝቻለሁ፤ አድራሻው ከዚህ ጋር አለ። ታኅሣሥ 10 ማለትህን አልሰማሁም፤ ነገ ውሰደው።

ሌላም ልጠይቅህ። ወርቅ ለማንጣት አንድ ጠብታ ይበቃል፣ አውቃለሁ። ግን ወርቅ ሠሪው «ዙሪያውን፣ እስከ ውስጡ ድረስ ነጥቷል» አለኝ። ሳህን ያጠበ ሰው ቀለበት እንዲህ አይሆንም። እማዬ በጣቷ ስትለቅም የቆየችው ነገር አለ። ምን ነበር? ከየትስ ነበር የምትለቅመው? እኔ የጠየቅኩህን ቀጥ ያለ ጥያቄ ደግሞ አልመለስክልኝም፤ ከአምስቱ አራቱን መልሰህ አንዱን ዘለልከው።

እትዬ

ኅዳር 18

እትዬ፣

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። ታምሜ አይደለም፤ ብዕር ሳነሳ ሐሳቤ እየተበተነ ነው።

እማዬን ጠየቅኳት። «ሳህን ነው አልኩህ» ብላኛለች፤ እኔ ምን ልጨምር? ቀለበቱን ከድነነዋል። ወደ መሥሪያ ቤቱ ግን አልሄድኩም፤ ሦስት ሳምንት ነው የቀረኝ።

ሌላ አዲስ ነገር ብልሽ መቼም የምትፈልጊው የእሷን ነው። ሰሞኑን ቁጣ ቁጣ ይላታል። ትናንት ሻይ አሳነስክብኝ ብላ ብርጭቆ ወረወረች፤ እናታችን! ወዲያው ደግሞ አፍራ ፊቷን ሸፈነች። ድዷን ያማታል። ጎረቤት ያዘዘቻትን ቀሚስ ኮሌታውን ሦስት ጊዜ ፈትታ ሰፋችውና በመጨረሻ ጨርቁን መለሰችላት። በመርፌ ክር የማስገባው እኔ ሆኛለሁ። ስልሳ ስምንት ዓመት ሞላት እኮ፣ እርጅና በር ሳያንኳኳ ነው የሚገባው።

እኔ ሽቦውን አሳጥሬ ፍጥነቱን ጨምሬዋለሁ። ስታይው ትወጂው ነበር።

ወንድምሽ

*ደህና ነኝ። አትምጪ።*

ኅዳር 24

ወንድሜ፣

ይህ ሳይደርስህ ወርቅ ሠሪው መልእክቴን አድርሶሃል። ካላደረሰህ፣ ወረቀቱን እንደያዝክ ተነስተህ እማዬን ከዚያ ክፍል አውጣት። ጨርሰህ አታንብብ። አውጣትና ተመለስ።

የጥቅምት 3ቱንና የኅዳሩን መስመሯን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። የጥቅምቱ እንደ ስፌቷ ቀጥ ያለ ነው፤ ሰው በማስመሪያ ቢጽፍ እንዲህ አይሆንለትም። የኅዳሩ «ደህና» ግን ሦስት ቦታ ተሰብሯል። «አትምጪ» የሚለው ከመስመሩ ወርዶ የወረቀቱ ጫፍ ላይ ሊወድቅ ነው። መብራት ጠፍቶባት ነው ብዬ ራሴን ላሳምን ሞከርኩ። ከዚያ የማን እንደሆነ ሳልናገር ለአንድ ሐኪም አሳየሁት። ብዙ አየውና «ይህ ሰው ምን ዓይነት ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚሠራው?» አለኝ። ወንድሜ፣ መርዝ የነካው እጅ ነው ያየው፤ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ሆኜ ወርቅ ሠሪው ሱቅ ደወልኩ።

እርጅና በስድስት ሳምንት አይመጣም። ቁጣው፣ ድዱ፣ የእጇ መንቀጥቀጥ፣ ሁሉም አንድ ነገር ነው፤ እኔ ደግሞ ስሙን በደንብ አውቀዋለሁ። ኩላሊቷን ገና አላየነውም። ሐኪሙ ቶሎ ከመጣች እጇ ሊመለስ ይችላል ብሏል፤ «ይችላል» ነው ያለው። ሃምሳ ዓመት በእጇ የኖረች ሴት ናት። አንተና እኔ የተማርነው በእነዚያ ጣቶች ነው።

ሐሙስ እደርሳለሁ። አትጥረግ፣ አታጽዳ፣ ምንም አትንካ። በሩን ብቻ ዝጋ።

እትዬ

ታኅሣሥ 16

እትዬ፣

እማዬ እንዴት ሆነች? ሌላ ሰላምታ ከአፌ አይወጣም።

የላክሻቸው የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ትናንት መጡ። ፊታቸውን ሸፍነው ገቡ፣ እኔን ግቢ አስቆሙኝ። የእማዬን ክፍል ወለል ጣውላ በጣውላ ነቀሉት። ከሥሩ ለቅመው ያወጡት ሁሉ አንድ የሾርባ ማንኪያ አይሞላም። አንድ ማንኪያ! እኔ ኩሬ የሚያወጡ መስሎኝ ነበር። ፍራሿን፣ ምንጣፉን፣ ያላለቁ ልብሶችን ሁሉ አሽገው ወሰዱ። መስፊያ መኪናዋን በመሣሪያ ለክተው «ይህኛው ይጸዳል» አሉኝ። ብልቃጡንም፣ ሳህኑንም፣ ሽቦውንም ሰጠኋቸው። የማሳያው ቀን አለፈ፤ አልሄድኩም። ዳይሬክተሩ ለምን እንደቀረሁ ሲጠይቀኝ እውነቱን ነገርኩት፤ ተማሪዎቹን እያሰበ ፊቱ አመድ መሰለ።

የእኔም ሽንት ተመርምሮ ከፍተኛ ነው ተብሏል፤ መድኃኒት ጀምሬያለሁ። ስለ እኔ እዚህ ላይ ይብቃ።

እማዬን ይዘሽ ስትሄጂ በመኪናው መስኮት የጠየቅሽኝን ጥያቄ ጆሮዬን አሳይቼ አለፍኩት። ሰምቼሻለሁ። «ታውቅ ነበር?» ነው ያልሽኝ።

አውቅ ነበር። ጥቅምት 9፣ ከሰዓት በኋላ ነው። እማዬ ወደ ቁም ሣጥኑ ዞራ ጋደም ብላ ነበር። ሽቦ ወድቆብኝ ጎንበስ ስል ከአልጋዋ ሥር ባዜቃው በጣውላዎቹ ስንጥቅ ተደርድሮ ሲያበራ አየሁት። ብልቃጡን አነሳሁት፤ ቀሎኛል። እሷ እንደደፋችው ወዲያው ገባኝ። ከላይ ያለውን በካርቶን ሰበሰብኩ፣ ስንጥቅ ውስጥ የገባውን ተውኩት፣ ምንጣፉን መለስኩበትና ወጣሁ። ደብዳቤሽ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «ውጡ ነው የምልህ» የሚለውን ሁለቴ አንብቤዋለሁ። ከዚያ በረንዳ ላይ ወጥቼ፣ ንጹሕ አየር እየሳብኩ፣ ሥራዬን ቀጠልኩ። እሷ እዚያው ተኛች።

ለምን ብትይኝ፣ ብነግርሽ ታስቆሚኛለሽ ብዬ ነው። የተሻለ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ። እጇ ሲንቀጠቀጥ እያየሁ እርጅና ነው ብዬ የጻፍኩልሽ እኔ ነኝ።

ይህን አንብቢላት። አታለሳልሺው።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 25

ወንድሜ፣

የምጽፈው እኔ ነኝ፣ ቃሉ ግን የእማዬ ነው። እጇ ገና ብዕር አልጨበጠም። «ካልኩት አንዲት ቃል እንዳትጥዪ፣ እንዳትጨምሪም» ብላ አስምላኛለች። እኔ ከራሴ የምጨምረው ይህን ብቻ ነው፦ ስለ ሣጥኑ ለአለቃዬ ተናግሬአለሁ፣ ጉዳዬ እየታየ ነው። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ነው።

ልጄ፣ እንዴት አደርክ? መድኃኒቱን ሳታጓድል ውሰድ፤ አፍ ላይ ይመራል፣ ብስኩት ብላበት። ኩላሊቴ ደህና ነው ብለዋል። ድዴ ተሽሎታል። እጄ ግን ማንኪያ ይዞ አፌ እስኪደርስ ግማሹን ያፈሳል፤ ሐኪሙ በወራት ሊተው ይችላል፣ እንዳለም ሊቀር ይችላል አለኝ። ቀጥ አድርጎ ነው የነገረኝ፣ ወደድኩት።

ደብዳቤህን እህትህ አነበበችልኝ። «አውቅ ነበር» የሚለው ላይ ስትደርስ ወረቀቱን ጭኗ ላይ ጣለችው። እኔ አልደነገጥኩም። ለምን እንዳልደነገጥኩ ልንገርህ፤ ለእሷም እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፣ እየጻፈች ትስማው።

ብልቃጡን የጣልኩት አንተ ከማየትህ ሁለት ቀን በፊት ነው። አቧራ ልጠርግ አነሳሁት። የሽቶ ጠርሙስ የሚያህል ዕቃ እንደ ብረት ይከብዳል ብዬ መች ጠረጠርኩ? ከእጄ አመለጠ፣ ክዳኑ ወለቀ፣ ወለሉ ሁሉ አበራ። የልጄ ሥራ ተደፋ ብዬ እንባዬ መጣ። በጣቴ ለቀምኩ፣ የቀረውን በመጥረጊያ ጠረግኩ። ከሥራ ከወጣህ ወዲህ ስትስቅ የሰማሁህ በዚያ ሳህን ነው፤ እንዴት ብዬ ደፋሁብህ ልበልህ?

የዚያን ዕለት ደግሞ አልተኛሁም ነበር። በቁም ሣጥኑ መስታወት አይህ ነበር። ጎንበስ አልክ፣ አየህ፣ ስትነሳ ፊትህ ደም አልነበረውም። አሁን ይነግረኛል ብዬ ጠበቅኩ።

(እዚህ ላይ ብዕሩን ጣልኩት። «እማዬ፣ ታውቂ ነበር? መርዝ እንደሆነ ፊቱ ላይ አንብበሽ ሰባት ሳምንት እዚያው ተኛሽ?» አልኳት። «ጻፊ» አለችኝ። ለማን እንደምቆጣ አላውቅም። እየጻፍኩ ነው።)

አልነገርከኝም። እኔም ልጄ የሚያውቀው ነገር ነው፣ ክፉ ቢሆን ዝም አይለኝም ብዬ ራሴን አታለልኩ። ውሸቴን ነው፤ መፍራትህን አይቻለሁ። እጄ ሲጀምረው ከምን እንደሆነ ገብቶኛል። ለእህትህ «አትምጪ» ብዬ የጻፍኩት ከመጣች ወለሉን ታያለች፣ አንተንም ታስቆምሃለች ብዬ ነው። አየህ፣ የእኔም ምክንያት ካንተው አይሻልም። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው አንድ ነገር እያወቅን በየማለዳው እንዴት አደርክ፣ እንዴት አደርሽ ተባባልን። «ዝም አይነቅዝም» ሲባል አምኜ ያደግኩ ሰው ነኝ። ነቀዘብን።

ስለዚህ ብቻህን ተሸክመኸው አትንበርከክ፤ ግማሹ የእኔ ነው። ማስረጃም ልስጥህ። ምንጣፉን አጣመህ ነበር የመለስከው፤ የስንጥቁ ጫፍ ይታይ ነበር። አንተ ከወጣህ በኋላ ተነስቼ ያቃናሁት እኔ ነኝ።

እናትህ